ጭቃ በጠፋበት ዓመት

በዚያ ዓመት የኩራባን ከተማ ዝናብ አላየችም። ከዚያ በፊት በነበረውም ዓመት አላየችም። መጀመሪያ ሣሩ አለቀ፤ ቀጥሎ የወንዙ ውሃ ቆመ፤ በመጨረሻ ወንዙ ራሱ የመኪና መንገድ ሆነ። አርቢው በጎቹን የዛፍ ቅርንጫፍ እየቆረጠ አበላቸው፤ ዛፉ ሲያልቅ ጠመንጃውን አነሳ። የወፈረው ቁራ ብቻ ነበር። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ቀዩ አፈር ፀሐይን ይሸፍናል፤ ሲወርድ በዳቦው ውስጥ፣ በአልጋው ውስጥ፣ በተኛ ሕፃን ጆሮ ውስጥ ይገኛል። ሰው ስለ ዝናብ ማውራት ትቶ ነበር። የሞተ ዘመድ ስም በየቀኑ አይነሳም።

ትልቁ ጦርነት ካለቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የጦር አየር ማረፊያ ግን አልተዘጋም። ኮሪያ ላይ ሌላ ጦርነት ስለተነሳ ወጣት አብራሪዎች ይሰለጥኑበት ነበር። ውሃ የሚመጣለት በባቡር ነው። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ሳፋ ይሰፈራል፤ ከዚያ ቧንቧው ይቆለፋል። ቁልፉ ከአዛዡ አይለይም።

በየካቲት ወር በአንዱ ማለዳ ጎርደን ፒም የተባለ ሰልጣኝ በአንዲት ቢጫ የልምምድ አውሮፕላን ብቻውን ተነሳ። ብዙም ሳይርቅ የአቧራ ማዕበል ዋጠው። ከታች ያሉት ሰዎች ወደ ላይ ሲወጣ ሰሙት፤ ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ሲቀንስ ሰሙ፤ ከዚያ ምንም አልሰሙም። ሮዋን የሚባል ሽማግሌ በግ አርቢ አውሮፕላኗን ከግጦሽ መሬቱ ደረቅ ዳርቻ ላይ አገኛት። ልጁን ጎትቶ ሲያወጣው ሞቶ ነበር።

የአየር ኃይሉ መርማሪ ሻምበል ሊዮኔል ትሬዚስ በማግስቱ ከውሃው ጋር በባቡር መጣ። ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ቀኝ እጁ በጦርነቱ ጊዜ ተቃጥሎ ጣቶቹ ግማሽ እንደታጠፉ ቀርተዋል። ከባቡሩ ውሃ የሚያወርዱትን ወታደሮች ቆሞ አያቸው። የሁሉም ፀጉር በአቧራ ተጣብቆ እንደ ቆብ ሆኗል። የሁሉም አንገት እጥፋት ውስጥ ቀይ መስመር አለ።

አዛዡ ሻለቃ ኦስዋልድ ፔንሮዝ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበለው። ነፋሱ ፀጉሩን እየበተነበት ነበር። አስገብቶት በቆርቆሮ ኩባያ ግማሽ ሻይ ሰጠው።

«ሙሉ ባለመሆኑ አትቀየም» አለ ፔንሮዝ። «እዚህ አዛዥም ተራ ወታደርም እኩል ነው። ለእኔ አንድ ሳፋ፣ ድንች ለሚልጠውም አንድ ሳፋ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነገሩን በአጭሩ ነገረው። ከአውሮፕላኗ ክንፍ ሥር አፏ ወደ ፊት የተከፈተ ቀጭን ቧንቧ አለች። ነፋሱን ተቀብላ ፍጥነቱን በአብራሪው ፊት ላለው መለኪያ የምትነግር እሷ ናት። አውሮፕላኗ ስታድር ቧንቧዋ በጨርቅ ትሸፈናለች፤ ካልተሸፈነች በጭቃ ጎጆውን የሚሠራ ተርብ ይደፍናታል። መካኒኩ ሃምሳ አለቃ አልፍ ደንስታን ሳይሸፍናት አደረ። ተርብ ደፈናት፤ መለኪያው ዋሸ፤ ልጁ ሞተ። መሸፈኛው ጨርቅ ከመካኒኩ ኪስ ተገኝቷል። መካኒኩ አሁን ዕቃ ቤት ታስሮ የጦር ፍርድ ቤት ይጠብቃል።

«ሰው ሞቷልና በቀላሉ አይወጣም» አለ ፔንሮዝ። የመርማሪውን እጅ አየ። «በጦርነቱ ጊዜ ኒው ጊኒ ላይ ከሚነድ አውሮፕላን ጎትቶ ያወጣህ እሱ መሆኑን አውቃለሁ። ነፃ ነው ብትል ማን ያምንሃል? የድሮ ዕዳውን በልጁ ደም ከፈለ ይሉሃል።»

ትሬዚስ ሻዩን ጨረሰ። «ሻለቃ፣ ምን እንደምል ገና አላወቅሁም» አለና ተነሳ።

አላወቀም ነበር። ያወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደንስታን ጥፋተኛ ከሆነ ያን ወረቀት በዚች እጁ መፈረም አለበት። ካልሆነ ደግሞ የራሱን የትሬዚስን ቃል ያላመነ ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቶ የሚያምነው ነገር ማግኘት አለበት። ለዓመታት አንድ ቀን ሄጄ እጠይቀዋለሁ ሲል የኖረውን ሰው የሚያገኘው እንዲህ ሆኖ ነው።

ወደ ስብርባሪው የወሰደው የበረራ አስተማሪው መቶ አለቃ ኔቪል ሃርግሬቭ ነበር። ሃርግሬቭ አንገቱ ረጅም፣ ሸሚዙ እስከ ላይ የተቆለፈ፣ ደንብ የሚያከብር ሰው ነው። መኪናውን ሲነዳም እንደ ደንቡ ነበር።

አውሮፕላኗ አፍንጫዋን መሬት ውስጥ ቀብራለች። ትሬዚስ በጉልበቱ ተንበርክኮ የአብራሪውን መቀመጫ ለረጅም ጊዜ አየ። የሞተሩ ኃይል መስጫ እጀታ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቧል።

«አቧራ ውስጥ የገባ ልጅ ከአቧራው በላይ ሊወጣ ይሞክራል» አለ። «ሊወጣ የሚፈልግ ሰው ኃይል ይጨምራል። ይሄኛው ለምን ቀነሰ?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው» አለ ሃርግሬቭ።

ትሬዚስ ከመቀመጫው ሥር አንድ የወታደር ባርኔጣ አወጣ። ልጁ ሲሞት በራሱ ላይ የበረራ የቆዳ ቆብ አድርጎ እንደነበር ሰምቷል። አንድ ራስ ሁለት ቆብ ምን ያደርግለታል ብሎ ጠየቀ።

ሃርግሬቭ ባርኔጣውን ሲያይ ፊቱ ተቋጠረ። «የሻለቃው ትምህርት ነው» አለ። «ባርኔጣህን የፍጥነት መለኪያው ላይ ስቀልበትና ፍጥነትህን በጆሮህ ስማ፣ በመቀመጫህ እወቅ ይላቸዋል። በጦርነቱ ጊዜ መለኪያው በጥይት ተመትቶበት በጆሮው ብቻ አርፏል። ከዚያ ወዲህ ሃይማኖት አደረገው። እሱ ራሱ ሳይሰቅል በርሮ አያውቅም። ልጆቹም ወደዱት፤ የማይሰቅል ፈሪ ነው ተባለ።»

«አንተስ?»

«እኔ ፈሪ ነኝ።»

ልጁ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ሃርግሬቭ ይችኑ አውሮፕላን ክሮውዘር ከሚባል ሌላ ሰልጣኝ ጋር አብርሯታል። መለኪያውን ከመነሳት እስከ ማረፍ ሲያየው ነበር፤ አንድም ነገር አልጎደለውም። ከዚያ በኋላ ተነስታ እንደሆነ ትሬዚስ ጠየቀው። ሃርግሬቭ አልተነሳችም ነው የተባለው አለ። እሱ ራሱ ከሰዓት በኋላ ከተማ ነበር።

ቧንቧዋን ሃርግሬቭ ልጁ በወደቀበት ዕለት ፈትቶ በመሐረብ ጠቅልሎ አስቀምጧታል። ትሬዚስ መሐረቡን ፈታ። ውስጧ በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል፤ ጭቃው ውስጥ ተርብ ለልጆቹ ቀለብ የሚያከማቻቸው ትናንሽ ሸረሪቶች ተጠቅጥቀዋል። ተርብ መሆኑ አያጠራጥርም። ፍርፋሪውን በምላሱ ቀመሰና ተፋው።

«ተርብ ነው ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው?»

«ሻለቃው። ልጁ ገና መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ ቆሞ አየና ተርብ ነው አለ። ቧንቧዋን የፈታሁት ከዚያ በኋላ ነው። ልክ ሆኖ ተገኘ።»

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ደንስታን አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሸብቷል። ትሬዚስ ቀኝ እጁን ዘረጋለት። ደንስታን እጁን አየው እንጂ አልጨበጠውም።

«ጤና ይስጥልኝ ሻምበል። ማዕረግዎ ከፍ ብሏል።»

«አንተ በለኝ፣ አልፍ።»

«እስረኛ መኮንንን አንተ አይልም።» ወዲያው ግን ድምፁ ተለወጠ። «ስለ ድሮው ነገር ብለህ ከሆነ የመጣኸው፣ በመጣህበት ባቡር ተመለስ። ያን ቀን እሳቱ ውስጥ የገባሁት አንተን ፈልጌ አይደለም። የመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ ቀርቶ ነበር።»

«ሳጥኑን አወጣኸው?»

«ተቃጠለ። ጥሩ ሳጥን ነበር።»

ትሬዚስ ከጎኑ ጣውላ ላይ ተቀመጠ። ቧንቧዋን ሸፍኖ እንደነበር ጠየቀው። ደንስታን ማታ ሸፈንኩ፣ ጠዋት ገለጥኩ አለ። ጨርቁ ኪሱ የተገኘውም ለዚሁ ነው፤ ጠዋት የተገለጠ ጨርቅ የት ሊቀመጥ ኖሯል፣ ባንዲራ አድርጎ ይስቀለው? ማታ ጨርቁን ሲያስርባት ያየው ሰው ግን የለም። ቧንቧዋን በአፍ እፍ ብሎ መፈተሽም ክልክል ነው፤ መለኪያውን ይሰብራል።

«ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኗ ተነስታ ነበር?» አለ ትሬዚስ።

ደንስታን የጎማውን ጠርዝ በጥፍሩ ፋቀ። ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳ ነበር።

«ስለ ራሴ ሥራ ጠይቀኝ» አለ በመጨረሻ።

«አልፍ፣ ዕድሜህ እስር ቤት ሊያልቅ ነው።»

«አባቴ ሲሞት ቤትም መሬትም አልተወልኝም። አታሳብቅ ብሎኝ ነው የሞተው። ያለችኝን አንዷን ልሽጣት?»

ትሬዚስ ሌላ አልጠየቀም። በዚያ አገር ሰው በጓደኛው ላይ አያሳብቅም፤ በጠላቱ ላይም ቢሆን ለአለቃ አያሳብቅም። የሰረቀ ሊታመን ይችላል፣ የደበደበም ሊታረቅ ይችላል፤ ያሳበቀ ግን መጠጥ ቤት ሲገባ ወንበር ሁሉ ጀርባውን ያዞርበታል። ትሬዚስም እዚያው ተወልዶ ስላደገ ይህን ያውቀዋል። ከእንግዲህ ከማንም አፍ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም።

ወጥ ቤቱ ጀርባ ዋሊ ክሮውዘር በድንች ከረጢት ላይ ተቀምጦ ይልጥ ነበር። ጠይም፣ ቀልደኛ ልጅ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ዓይኑ አብጦ ነበር። ትሬዚስ ምን አጥፍቶ እንደተቀጣ ጠየቀው።

«አንድ ኩባያ ውሃ ሰርቄ አንገቴን ታጠብኩ» አለ ክሮውዘር። «ሻለቃው ሰልፍ ላይ አየኝ። እዚህ ንጹሕ አንገት ወንጀል ነው። ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ እስኪመሽ ላጥኩ፣ ዛሬም እልጣለሁ።»

«ብቻህን?»

«እንዳላመልጥ ጎርደንን ጠባቂ አደረጉብኝ።» ቢላዋው ቆመ። «ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ግማሹን እሱ ላጠልኝ። ሰፈሩ ሁሉ እያየ ይስቅብን ነበር።»

ስለ ባርኔጣው ሲጠየቅ፣ ጎርደን ባርኔጣውን የሚሰቅለው ቅዱስ ሥዕል እንደሚሰቅል ሰው ተጠንቅቆ ነበር አለ። ስለ ተርብ ሲጠየቅ ግን ሳይወድ ፈገግ አለ። «ተርብ ጭቃ ከየት ያመጣል ሻምበል? እዚህ ዝንቡ እንኳ የሚጠጣው ከዓይናችን ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሞተር ድምፅ ሰምቶ እንደሆነ ትሬዚስ ጠየቀው።

«እዚህ ሞተር ሁልጊዜ ይጮኻል» አለ ክሮውዘር። ድንቹን ከሚገባው በላይ አጥልቆ ላጠው።

ትሬዚስ መኪና ተውሶ ወደ ሮዋን ቤት ነዳ። መንገዱ ረጅም ነው፤ የሞቱ በጎች አጥር ተደግፈው ቆመዋል። ከቤቱ ጀርባ ግን ከጥልቅ ጉድጓድ ፍል ውሃ ይወጣል፤ ድርቅ አይነካውም። ውሃው እያጨሰ ገንዳ ይሞላና ሞልቶ በቦይ ይፈሳል። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከቦዩ ግራና ቀኝ መሬቱ በነጭ ጨው ተለብጧል። ጭቃው ላይ ተርቦች እንደ ገበያ ሰው ይጋፋሉ፤ ያገሩ ተርብ ሁሉ እዚያ የተሰበሰበ ይመስላል። ከቦዩ ወዲያ ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። ነፋስ ስለጠረገው የጎማ ዱካ አይታይም።

ትሬዚስ ከጭቃው ቆንጥሮ ቀመሰ። ጨውና እንቁላል። ቧንቧዋ ውስጥ የነበረውም ያው ነበር።

ሮዋን ከኋላው መጥቶ ቆሞ ነበር። የደረቀ፣ የጎበጠ ሽማግሌ ነው። ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ከገንዳው ጠርዝ ላይ አንድ ነገር አንስቶ ኪሱ ከተተ።

«እዚህ አውሮፕላን ያርፋል፣ ሚስተር ሮዋን?»

«ሜዳው ሰፊ ነው። ወፍም ያርፋል።»

«ውሃውንስ ሌላ ሰው ይጠቀምበታል?»

«ውሃ የጠየቀኝን አልከለክልም። ስሙንም ለሌላ ሰው አልናገርም።» ሽማግሌው ቦዩን ሲያይ ቆየ። «ልጁን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከበግ አይከብድም ነበር። ለእናቱ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?»

«የሚጻፈውን ነው የምፈልገው። ነገ ጠዋት የሰፈሩ መመገቢያ አዳራሽ ይምጡ፤ ምንም እንዲናገሩ አልጠይቅዎትም።»

ሮዋን መጣ። ሃርግሬቭ መጣ፣ ክሮውዘርም የድንች ልጣጭ ሱሪው ላይ ተጣብቆ መጣ። ደንስታን በሁለት ወታደሮች መካከል ቆመ። ሻለቃ ፔንሮዝ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጠ። ትሬዚስ ለቀኑ የተሰጠችውን አንድ ሳፋ ውሃ ሳይነካት አምጥቶ ከነጭ ጨርቅ ቁርጥራጮች ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ማንም ምን እንደሆነች አልጠየቀም፤ ሁሉም ግን ውሃዋን ያዩ ነበር።

«መጀመሪያ ልጁ እንዴት እንደሞተ» አለ ትሬዚስ። «ባርኔጣውን መለኪያው ላይ ሰቅሎ እንደተማረው በጆሮው ተነሳ። አቧራው ሲውጠው ሰማይና ምድር ጠፋው፤ ያን ጊዜ ባርኔጣውን አንስቶ መለኪያውን አየ። ቧንቧዋ ግን ተደፍና የመሬቱን አየር ውስጧ ይዛለች። እንዲህ ሲሆን መለኪያው ፍጥነትን መንገር ትቶ ከፍታን ይከተላል፤ በወጣችሁ ቁጥር ፈጠናችሁ ይላል። ልጁ በጣም የፈጠነ መሰለው። ኃይል ቀነሰ፤ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ላይ አቀና። መለኪያው አሁንም ፈጥነሃል አለው፤ የበለጠ አቀና። መለኪያው ፈጥነሃል እያለው አውሮፕላኗ ፍጥነት አጥታ አየር ላይ ቆመች። ከዚያ ወደቀች። ያጠፋው ነገር የለም። ያየውን አመነ።»

ክሮውዘር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ቧንቧዋን የደፈናት ተርብ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ተርብ በምን ይሠራል? በጭቃ። እዚህ ሰፈር እፍኝ ርጥብ አፈር ያየ ሰው አለ?»

ሃርግሬቭ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«የለም፤ ሻለቃው የውሃውን ቧንቧ አጥብቆ ስለቆለፈ የለም። ስለዚህ ደንስታን ያችን ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ራቁቷን ቢያሳድራት እንኳ ተርብ የሚደፍንበት አልነበረውም። የተከሰሰበት ጥፋት እዚህ ሰፈር ሰው አይገድልም።»

ደንስታን ራሱን ቀና አደረገ።

«ጭቃው ጨውና እንቁላል ይላል። ያላመነ ይቅመስ፤ መሐረቡ ውስጥ አለ። ከሚስተር ሮዋን ፍል ውሃ ሌላ እንዲህ የሚል ጭቃ በአካባቢው የለም። ተርብ በአፉ ጭቃ ይዞ ያን ያህል አገር አያቋርጥም። ጭቃው ወደ አውሮፕላኗ አልመጣም፤ አውሮፕላኗ ናት ወደ ጭቃው የሄደችው።»

መቼ እንደሄደች ቀጠለ። ልጁ ከመሞቱ በፊት በነበረው ጠዋት ሃርግሬቭ አብርሯታል፤ መለኪያው ደህና ነበር። ማታ ደንስታን በጨርቅ ሸፍኗታል። ስለዚህ የሄደችው በመካከል፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እዚያ በሙቀቱ ቆማ ሳለ ተርቦቹ አፏን አግኝተው ደፈኗት። ደንስታን ማታ ሲሸፍን የሸፈነው የተደፈነ ቀዳዳ ነበር።

«ማን ወሰዳት? የሞተር ድምፅ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ማንም አልተናገረም። አልጠይቃችሁም። የወሰዳት ሰው የተማመነው በእናንተ ነው፤ ክፉዎች ስለሆናችሁ ሳይሆን ጥሩ ጓደኞች ስለሆናችሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቡ። ያ ሰው ከፍል ውሃው ሲመለስ መለኪያው ሞቶ ነበር፤ ሆኖም ሳያውቅ መጣ። መለኪያውን የማያይ ሰው ነው። ባርኔጣ የሚሰቅል ሰው። ሃርግሬቭ አይሰቅልም፤ ከተማም ነበር። ክሮውዘርና ፒም ይሰቅላሉ፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ እያያቸው ድንች ይልጡ ነበር። ሌላ ሰልጣኝም አዛዡ ሳይፈቅድለት አይነሳም። ሌላ ማን ይሰቅላል?»

«ይበቃል» አለ ፔንሮዝ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «ይህ ሁሉ ግምት ነው። ለወዳጅህ ስትል የተረት ቤት ሠራህ።»

«ይሆናል» አለ ትሬዚስ። «ለዚህ ነው ውሃዬን ያመጣኋት።»

ጨርቅ ነከረና የራሱን አንገት ጠረገ። አንድ ቀን ብቻ ያደረበት አንገት ቀይ ሆኖ ወጣ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሃርግሬቭ አንገትጌውን ፈትቶ ጠረገ፤ ቀይ። ክሮውዘር ጠረገ፤ ቀይ። ሁለቱ ጠባቂዎች ሳይታዘዙ ጠረጉ። የደንስታን ጨርቅ በዘይትና በአፈር ጠቁሮ ወጣ። ጨርቆቹ ተራ በተራ ተዘረጉ፤ የመጨረሻው ጨርቅ ፔንሮዝ ፊት ደረሰ።

ፔንሮዝ አላነሳውም። ማንሳት አላስፈለገውም። ሁሉም አንገቱን ያዩ ነበር፤ የውሃው ቧንቧ ቁልፍ በክር ተንጠልጥሎበታል፤ ከክሩ ሥር ቆዳው እንደ ሕፃን ቆዳ ነጭ ነው።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ሮዋን ከመቀመጫው ተነሳ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ከሻለቃው ፊት አኖረው። ግማሹ ያለቀ ሳሙና ነበር።

«ረስተኸው ሄደህ ነበር፣ ሻለቃ» አለ። ወደ ሌሎቹ ዞረ። «የሰው ዕቃ መመለስ ማሳበቅ አይደለም።» ተመልሶ ተቀመጠ።

ፔንሮዝ ሳሙናውን በጣቱ ገፋ አደረገው።

«ገላ መታጠብ ወንጀል ነው?» አለ ፔንሮዝ።

«ነው፣ ሻለቃ» አለ ክሮውዘር። «ድንች አስልጦኛል።»

ማንም አልሳቀም።

«መታጠብዎ ስህተት ነው» አለ ትሬዚስ። «አውሮፕላኗን በርጥብ ጭቃ አጠገብ ራቁቷን ማቆምዎም ስህተት ነው። በስህተት ሰው ይሞታል፤ ሁላችንም ጦርነት ላይ አይተናል። ግን ቧንቧዋ ሳትከፈት ተርብ ነው አሉ። ልጁ ገና መሬት ላይ ነበር። ተርቡን የት እንዳዩት ስለሚያውቁ ነው ያሉት። ከዚያ ሄደው ደንስታንን አሰሩት፤ እንደማይናገር ስለሚያውቁ። ያኛው ስህተት አይደለም።»

ፔንሮዝ ክሩን ከአንገቱ አወለቀ። ቁልፉን ከሳሙናው አጠገብ አኖረው። «ልጁ ጎበዝ ነበር» አለ። «በጆሮው የሚበር ልጅ ነበር።» ሃርግሬቭ ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ከተተ፤ ጠባቂዎቹም ከደንስታን ራቅ ብለው ወደ ጠረጴዛው ራስ ሄዱ።

ሳፋዋ ላይ የቀረውን ውሃ ማንም አልነካም።

ከቀትር በኋላ ትሬዚስ ወደ አውሮፕላኖቹ መጠለያ ሄደ። ባቡሩ ሊነሳ ነው። ደንስታን ሥራ ላይ ነበር፤ ከሌላ ቢጫ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ቆሞ መሸፈኛውን ጨርቅ በእጁ ያገላብጣል።

«ማንም እንዲያሳብቅ ሳታደርግ ጨረስከው» አለ ሳይዞር። «ይህን ከዕዳህ ላይ ቁጠረው።»

«አልፍ፣ ወረቀቱ ላይ ስምህ የለም።»

«ወረቀቱ ላይ የለም።» ጨርቁን አጠፈው። «ማታ ሳስራት በጣቴ ነክቻታለሁ። በጨለማ አይደለም፤ ብርሃን ነበር። ቀዳዳዋን አጎንብሼ አላየሁም። ማን ያያል? በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ አስሬያለሁ። የሞት በር ላይ መጋረጃ ሰቀልኩላት።»

ጨርቁን ኪሱ ከተተ።

«ሲወስዳት አይቼዋለሁ» አለ ደንስታን። «ፎጣ በብብቱ ይዞ ነበር። ያን ጠዋት ልጁ ሲነሳ ሻለቃው ትናንት የት አቆማት ብዬ ብጠይቅ ኖሮ... ግን የአለቃ ነገር አይጠየቅም፤ የአለቃ ነገር አይወራም። አባቴ ጥሩ ሰው ነበር። የተወልኝ ነገር ግን ይኸው።»

ከሩቅ የባቡሩ ፊሽካ ተሰማ። ትሬዚስ ሊሄድ ሲል ደንስታን ጠራው፤ በማዕረጉ ሳይሆን በስሙ።

«ሊዮኔል። እጅህን አምጣ።»

ትሬዚስ ጤነኛውን ዘረጋ። ደንስታን ራሱን ነቀነቀ። የተቃጠለችውን ያዘ፤ ወደ ብርሃኑ አወጣት፤ የታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ እንደ ማሽን ዕቃ እየነካ መረመራት፤ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከእሳቱ ሲጎትተው የያዘው ይህችኑ እጁን ነበር።

«ይንቀሳቀሳሉ?»

«ሁለቱ።»

«ክፉ ሥራ አልነበረም» አለ ደንስታን። «ከእንግዲህ ዕዳ የለብህም። ሂድ፤ እኔ ጋ ደግመህ አትምጣ።»

እጁን ለቀቀለት። ሰው የተዋሰውን ዕቃ እንደሚመልስ አድርጎ፣ በቀስታ፣ ወደ ባለቤቱ መለሳት።